አምስተኛዋን ቲማቲም መጠበቅ

የቲማቲም ሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድስት ውስጥ የሚቁላላውን ነው፤ እኔ የምለው ግን ሌላውን ነው፣ ከማሳ ተለቅሞ በሳጥን የመጣ ቲማቲም አረንጓዴ ቆቡ ላይ ያለውን፣ ጣት ላይ ተጣብቆ በሳሙና እንኳ ቶሎ የማይለቀውን መረር ያለ ሽታ። ባለፈው ሳምንት ዱከም ላይ ከፋብሪካው ሰርቪስ ወርጄ ወደ ተከራየሁት ቤት ስሄድ፣ መንገድ ዳር ከተቀመጠች ሴት ልገዛ ጎንበስ ስል ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ሴትየዋ «ልመርቅልሽ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ እኔ በዚያች ደቂቃ ናዝሬት ነበርኩ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከቤታችን በር ፊት ለፊት ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆሜ ታናሽ እህቴን ሳሮንን እጠብቅ ነበር።

እኛ ቤት ከተማው ናዝሬት ነበር የሚባለው፣ የታክሲ ረዳቶቹ ደግሞ አዳማ እያሉ ይጣሩ ነበር፣ ሁለቱም ስም እዚያው ያደርስ ስለነበር ማንም አይከራከርም ነበር። አባዬ ከደብረ ብርሃን በሥራ ዝውውር የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ ፋይል ሲያስቀምጥ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ በመዳፉ መታ መታ የሚያደርግ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው። እማዬ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ትሠራ ነበር። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ሳሮንን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፣ ለዚህም ይመስለኛል ራሴን እንደ ሦስተኛ ወላጅ እቆጥር የነበረው፣ እቆጣለሁ፣ እፈርዳለሁ፣ አንዳንዴም ያለ ጥፋቷ እቀጣታለሁ።

ናዝሬት በጋ ሲገባ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ከሰፈር ሰፈር ይዞ ይዞር ነበር፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ተመልሶ ቡናማ ይሆን ነበር፣ የቆርቆሮው በር ሌሊትም ቀንም ይንኳኳ ነበር። በዚያ በጋ ሳሮን አራት ዓመት አልፏት አንድም ቃል አልተናገረችም። በስሟ ስንጠራት አትዞርም ነበር፤ ጆሮዋ አይሰማም እንዳንል ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሮጣ ትመጣ ነበር። ጫማዎቻችንን በር ላይ በመጠናቸው ትደረድር ነበር፣ ማንኪያዎቹን፣ የኔን እርሳሶች፣ አባዬ ሻይ ሲጠጣ የሚያስቀምጣቸውን የስኳር ፍሬዎች ሳይቀር፣ ከድርድሩ አንዱን ያነሣ ሰው ካለ ጩኸቷ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

የሚብሰው እንግዳ ሲመጣ ነበር። ልጅ እንግዳ ይስማል፣ ጉንጭና ጉንጩን ሦስት ጊዜ፣ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ሳሮን ግን ሰው ሊስማት ፊቱን ሲያቀርብ ጀርባዋን ወደ ኋላ ቀስራ ትጮህ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ እንግዳ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «ጥጋብ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ዓይን በልቷት ነው» ትላለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «የአባቷ ወገን ሲናገር ዘግይቶ ነው» ብላ ታጽናናለች። አባዬ በዚህኛው ደስ ይለው ነበር፣ አንድ አጎቱ በአምስት ዓመቱ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ በኋላ የዘጋበትን ቀን ያየ ሰው የለም ብሎ ያስቀን ነበር። ኦቲዝም የሚባለውን ቃል ያኔ ከመካከላችን የሰማው አልነበረም፣ እኔ ራሴ ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

እማዬ ግን አትስቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጓሮ ልብስ እያጠበች ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት፣ «ባታወራም ግድ የለኝም፤ እኔ ባልኖር ወደ ማን ትሄዳለች? የኔ የምትለው አንድ ሰው እኮ የላትም» አለች። እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ ብዬ በጣም ተናደድኩና የዚያኑ ዕለት ሳሮንን ይዤ ላስተምራት ተነሣሁ፣ ፊቷን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ይዤ «ሳሪ፣ እዪኝ! እኔን እዪኝ!» አልኳት፣ እሷም ጉንጬን ቧጭራኝ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ሞከርኩ። ሌላ ዘዴ የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

አዴ በዳቱ የመጣችው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። የአዳሚ ቱሉ ሴት ነበረች፣ ባሏ ሲሞት ናዝሬት ካገባች ልጇ ጋር ልትኖር መጥታ ቁጭ ብሎ መብላት ስላልሆነላት ጉልት ለመያዝ ቦታ ትፈልግ ነበር። ረጅም ናት፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስራለች፣ ስትናገር ቃል የምትቆጥብ ትመስላለች። አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩታ በተሰባበረ አማርኛ፣ ከኒሟ ሥር ብትቀመጥ ይከፋን እንደሆነ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬም ደጅ ላይ ሰው ሲኖር ልጆቹም አይፈሩም ብላ ደስ እያላት ፈቀደችላት። ከመቂና ከባቱ የመጣውን አትክልት ከጅምላ ሻጮቹ ወስዳ በጋሪ ታመጣና፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋ፣ ትንሽ የእንጨት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትለይ ነበር፣ የቀላውን ከፊት፣ ያልበሰለውን ከኋላ፣ የተመታውን ለብቻ። ከዚያ መደብ ትሠራለች፤ አራት ቲማቲም ከታች፣ አንድ ከላይ።

ሳሮን ባየቻት በሦስተኛው ቀን በሩን ገፍታ ወጣች። ከረጢቱ ዳር ቁጢጥ አለችና መደቦቹን አንድ በአንድ አፍርሳ፣ ቲማቲሞቹን ከአረንጓዴው ጀምራ እስከ ደማቁ ቀይ ድረስ በአንድ መስመር ትደረድር ጀመር። እኔ ደንግጬ እየሮጥኩ ሄጄ ክንዷን ልይዝ ስል አዴ በዳቱ መዳፏን አነሣችብኝ።

«ተያት» አለችኝ። «ሥራ ላይ ናት።»

ለገበያ የመጡ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር፣ እነሱንም እንዲጠብቁ በእጇ አመለከተቻቸው። ድርድሩ አልቆ ሳሮን እጇን ጭኗ ላይ ስታሳርፍ አዴ በዳቱ በረጅሙ አየችውና፣ ከመስመሩ መሐል አንዲት ቲማቲም አንሥታ አንድ ቦታ ብቻ አዛወረቻት። ሳሮን ቲማቲሟን አየች፣ ሁለቱን ጎረቤቶቿን አየች፣ ትክክል መሆኑን ስታውቅ አልጮኸችም። ይህ እኛ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ነገር ነበር።

በማግሥቱ አዴ በዳቱ በርጩማዋን አዞረች። ሁላችንም ሳሮንን ስናናግራት ፊት ለፊቷ እንቆም ነበር፤ እሷ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን እያዩ፣ ትከሻቸው ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው። ከዚያ በኦሮምኛ እየቆጠረች መደብ መሥራት ጀመረች። «ቶኮ» ብላ አንዷን ታስቀምጣለች፣ «ለማ» ብላ ሁለተኛዋን፣ «ሰዲ» ብላ ሦስተኛዋን፣ «አፉር» ብላ አራተኛዋን፣ አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች፣ ባዶ መዳፏን ከመደቡ አጠገብ ዘርግታ ትጠብቃለች። ሳሮን ካላነሣች ገዢም ቢመጣ መደቡ እንደ ጎደለ ይቆያል። አንድ ቀን አንዲት ጥድፊያ ላይ የነበረች ሴት «እኔው ልጨምረው?» ብላ እጇን ስትሰድ አዴ በዳቱ በጨዋ ቋንቋ ሌላ መደብ ሰጥታ አሰናበተቻት። እኔ እንደ ዕድሜዬ ችኩል ስለነበርኩ ይህ ሁሉ መጠበቅ የሞኝ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፣ ከበሩ ላይ ሆኜ «ሳሪ አንሺ እንጂ!» እያልኩ እጮህ ነበር።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ አላስታውስም፣ ሳሮን አንዲት ቲማቲም አንሥታ አራቱ ላይ አስቀመጠች። አዴ በዳቱ አላጨበጨበችም፣ አልሳመቻትም፣ «ሸን» ብላ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አብረው ይሠሩ ነበር። ባለ ባጃጁ ጀማል፣ ከኒሟ ጥላ ሥር ተሳፋሪ የሚጠብቀው የሰፈራችን ቀልደኛ፣ «ሠራተኛ ቀጠርሽ፣ እኔን ደግሞ አባረርሽ» እያለ አዴ በዳቱን ያስቃት ነበር። ሳሮን ወደ ቤት የምትገባው ፀሐይ ኒሟን አልፋ ከረጢቱ ላይ ስታርፍ ነበር፣ ጠዋት ስትዘገይ ደግሞ አዴ በዳቱ እጇን ወደ ታች እያርገበገበች «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ትላት ነበር፣ ነይ ልጄ እንደ ማለት ነው።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ነፋሱ ከረጢቱን እያነሣ ባስቸገረበት ቀን፣ አዴ በዳቱ «አፉር» ብላ መዳፏን ዘረጋች። ሳሮን ቲማቲሟን አስቀመጠችና፣ በትንሽ፣ ዝገት የያዘው በር በሚመስል ድምፅ፣ «ሸን» አለች።

እኔ ነበርኩ የሰማሁት። እማዬ ከሥራ እስክትመለስ መታገሥ አቅቶኝ ሳሮንን ለአዴ በዳቱ ትቼ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሮጥኩ፣ እማዬም ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተከትላኝ ሮጠች። ማታ ለአባዬ ስንነግረው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። «አምስት አለች» አልነው። «በሉ እስቲ፣ አምስት!» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። «በኦሮምኛ ነው» ስንለው ሳቀ፣ እንባው እየመጣ ሳቀ፣ አቀፈንም። ያን ቀን ቋንቋው ማንንም አላሳሰበም ነበር።

አሳቡ የመጣው ከበልጉ ዝናብ ጋር ነው። አባዬ ደስታውን መሥሪያ ቤት ሄዶ ሲያወራ፣ አንድ የተማረ ነው የሚሉት ባልደረባው «አያችሁት? ልጅቷ ያልተናገረችው ሁለት ቋንቋ ስለተጋጨባት ነው፤ አንዱን ዝጉላት፣ ሌላው ራሱ ይከፈታል» አለው። አባዬ ተጠራጠረና ሳሮንን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፣ ሐኪሙ ከብዙ ጥያቄዎቹ መካከል «ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ እንግዲህ መጠየቅ ብቻ ነው፣ አባዬ ግን ጥያቄውን እንደ ማረጋገጫ ይዞት መጣ። ሰውን በቋንቋው የሚንቅ አልነበረም። ሥራው መዝገብ ማስተካከል ነበር፣ የተደባለቀ ነገር ሁሉ ሲለይ ይድናል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

ለአዴ በዳቱ ሊነግራት ሲሄድ እኔን አስከተለኝ፣ በሰፈር ልጆች ኦሮምኛ ለምጄ ስለነበር ቃሉ ሳይከፋ እንዲደርሳት ብሎ ነው። «አዴ በዳቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ቅር ለማሰኘት አይደለም» አላት እጆቹን አጣምሮ። «ልጅቷ ቋንቋ ተደበላልቆባት ነው ይላሉ። እስክትለምድ ድረስ በአማርኛ ብቻ ያነጋግሩልኝ።» እኔም አስተረጎምኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ።

አዴ በዳቱ «እኔ እኮ ብዙም አላናገርኳትም» አለች። ከዚያ «ልጅ ያንተ ነው፣ እንዳልክ ይሁን» ብላ ራሷን ዝቅ አደረገች። በመጀመሪያው ንግግሯ ውስጥ እውነቱ ሁሉ ነበር፣ አባዬም እኔም ግን አልሰማነውም።

ሁለት ቀን ሞከረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች፣ ቃሎቹን እያሰበቻቸው፣ እጇም እንደ ድሮው በልማድ ሳይሆን እየቆመ እየሄደ። ሳሮን አምስተኛዋን ታነሣለች፣ ትመልሳለች፣ ደግማ ታነሣለች፣ በሁለተኛው ቀን መደቡን በእጇ በትና ራሷን በጡጫ መምታት ጀመረች። አባዬ ይህን ሲያይ ግራ መጋባቷ ይኸው ብሎ ለጊዜው ከነጭራሹ በሩ ይዘጋ አለ። መቀርቀሪያውን የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ለኔ ነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ አደራውን ኮርቼ ነው የተቀበልኩት። አዴ በዳቱም ከኒሟ ሥር ተነሥታ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠች። ቂም ይዛ መስሎኝ ስጠይቃት «እያየችኝ ስትከለከል ልቧ ይደክማል» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ ሳሮን ተመልሳ ዝም አለች። «ሸን»ም ጠፋች፣ በእሷ ፋንታም አንድ የአማርኛ ቃል አልመጣም። ቀኑን ሙሉ በሆዷ ተኝታ በቆርቆሮው በር ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውጭ ታይ ነበር፣ ጎርፍ ሲወርድ ጭቃው ፊቷ ላይ እየተረጨ እንኳ አትነሣም ነበር። ከደረቅ ዳቦ በቀር ሌላ ምግብ አልቀመስ አለች፣ የእጇን አንጓ እየነከሰች አቆሰለችው። እማዬና አባዬ ተጣልተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ክረምት ተጣሉ። «አንድ ሰው አግኝታ ነበር!» አለችው እማዬ። «በሕይወቷ አንድ ሰው አግኝታ ነበር፣ እኛ ነጠቅናት!» እሱም «ለሷ ብዬ ነው፣ ለሷ ብዬ!» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ መቀርቀሪያው ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር፣ አሁን ኩራቱ አልነበረም።

ፍልሰታ ገብታ እማዬ ቅዳሴ የሄደችበት፣ አባዬም ሥራ ላይ የነበረበት ቀን ነው። ሌሊቱን የዘነበው አባርቶ ነበር። ሳሮን በሩ ሥር ቁጭ ብላ ግንባሯን በቆርቆሮው ላይ ቀስ እያደረገች፣ ግን ሳታቋርጥ፣ ትመታው ነበር። ብዙ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። እጅጌዋን ይዤ በሥርዓት ላሻግራት ነበር አሳቤ፤ በሩ ስንዝር ያህል ሲከፈት ግን በክንዴ ሥር ሾልካ ወጣች።

ከበራችን ፊት የሚያልፈው መንገድ ባጃጅና ሚኒባስ የሚራኮትበት ነበር፣ ከላይ የወረደው ጎርፍም ገና አስፋልቱን አልለቀቀም ነበር። ሳሮን ግራ ቀኝ ሳታይ ገባችበት። አፌን ከፍቼ ልጮህ ስል ማዶ አዴ በዳቱን አየኋት፣ መዳፏን ወደኔ አነሣች፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። አልሮጠችም። ጩኸትና ሩጫ ሳሮንን ወዴት እንደሚበትናት ታውቅ ነበር። ግራ እጇን ለመኪናዎቹ ከፍ አድርጋ ዘርግታ፣ በቀኟ ከረጢቱ ላይ ቲማቲም ታስቀምጥ ጀመር፣ ዓይኗን ከከረጢቱ ሳታነሣ። ጀማል ነገሩ ገብቶት ባጃጁን አሽከርክሮ መንገዱ ላይ አጋደመው። ከኋላው የደረሰ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲለቀው ግን ሳሮን ጆሮዎቿን ይዛ መሐል መንገድ ላይ፣ ውኃው ውስጥ ቁጢጥ አለች።

ጀማል ወደ መኪናው መስኮት ሮጦ «ወንድሜ፣ በፈጣሪ፣ ሞተሩን አጥፋው» ሲለው ሰማሁ። ሾፌሩም አጠፋ። ከኋላው ያለው አጠፋ፣ ከወዲያ ማዶ ያለውም አጠፋ። ያ መንገድ ጸጥ ሲል ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አዴ በዳቱ እንደ ሁልጊዜው በዝቅተኛ ድምፅ «ቶኮ» አለች። «ለማ። ሰዲ። አፉር።» ከዚያ መዳፏን ዘረጋችና ዝም አለች።

ስንት ሰው ቆሞ እንደነበር አላውቅም። ሳሮን እጆቿን ከጆሮዋ አወረደች፣ ተነሣች፣ ከጉልበቷ በታች ውኃ እየተንጠባጠበ ሄዳ ከአዴ በዳቱ ጎን ተቀመጠች። አንዲት ቲማቲም መርጣ አስቀመጠች። «ሸን» አለች። ከዚያ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች፣ ዞር ብላ ማዶ በሩ ላይ ተገትሬ የቀረሁትን እኔን አየችና፣ ልክ እንደ አዴ በዳቱ እጇን ወደ ታች እያርገበገበች «ኮቱ» አለችኝ።

እህቴ ሰው ስትጠራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። የጠራችው ደግሞ በሩን የዘጋሁባትን እኔን ነው። ተሻግሬ ሄጄ አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ አዴ በዳቱም የተመቱትን ቲማቲሞች እንድለይ ሰጠችኝ።

አባዬ ማታ ሁሉንም ሰማ፣ ራቱንም አልበላም። በማግሥቱ ጠዋት የመሥሪያ ቤት ኮቱን ለብሶ መንገዱን ሲሻገር በበሩ ስንጥቅ አየሁት። አዴ በዳቱ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊነካ ሲል እጁን ያዘችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ያየሁት፣ አባዬ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ባጃጆቹን እያስቆመ ተመልሶ ከኒሟ ሥር ሲያወርደው ነው። ከዚያ ሳጥኖቹን፣ ከዚያ በርጩማዋን አመጣ፣ ኮቱ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንዳለ ሥራ ገባ። አባቴን በብዙ ነገር አደንቀው ነበር፣ እንደዚያ ቀን ያደነቅሁት ቀን ግን የለም።

መስከረም ሲጠባ እሱም ማዕረጉን ትቶ የቲማቲም ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ፣ ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ቁጥር ሊማር። «ሰዲ»ን ዘልሎ «አፉር» ሲል ሳሮን የያዘውን ቲማቲም ከእጁ ነጥቃ ትመልሰው ነበር፣ እሱም እንደ ተማሪ ከ«ቶኮ» ይጀምር ነበር። እኔ በበኩሌ የሰፈሩን ልጆች አሠለጠንኩ፣ ሥልጠናው ትንሽ ኩርኩም ነበረበት፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሳሮን ተራዋ ሲደርስ ማንም እንዳይጎትታት፣ ማንም «ቶሎ በይ» እንዳይላት፣ ጠጠሯን አጠገቧ አድርገው ዝም ብለው እንዲጠብቁ። አንዳንድ ቀን ሳትጫወት ትሄድ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ትዘል ነበር፣ በዘለለችበት ቀን ልጆቹ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ለእማዬ ያበሥሯት ነበር። አባዬ ለአንደኛ ክፍል ሲያስመዘግባት ቃሎቿ ባሉበት ቋንቋ ትማር ብሎ በኦሮምኛ ክፍል አስገባት። አማርኛው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ፣ አዴ በዳቱ ከሳሮን፣ ሳሮንም ከአዴ በዳቱ እየተማሩት፣ ከዚያች ከረጢት ላይ።

በኋላ ስለ ኦቲዝም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከልጁ ጎን ተቀመጡ፣ እሱ የሚያየውን እዩ፣ ተራ ስጡት፣ ጠብቁ ይላሉ፣ ቋንቋ ሁለት ቢሆን ጉዳት የለውም ይላሉ። ባነበብኩ ቁጥር አዴ በዳቱ ፊቴ ትመጣለች፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ማንም ያልነገራት፣ ልጅን እንደ ሠራተኛ አክብራ ከጎኗ ያስቀመጠች ሴት። አንድ ጊዜ እንዴት አወቅሽ ብዬ ጠየቅኋት፣ ጥያቄው ገረማትና «ምኑን?» አለችኝ። ዛሬ ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልቱንም ትታለች፤ ሳሮን በየእሑዱ ሄዳ ከጎኗ ትቀመጣለች፣ ሁለቱም ብዙ አያወሩም።

ሳሮን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አንድ አትክልት ማከፋፈያ ውስጥ ቲማቲም ትለያለች፣ እጇን የሚወዳደር የለም ይላሉ። ዛሬም መሳም አትወድም፤ ሰፈርተኛው ግን ለምዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ሰላም ይላታል፣ እሷም ስሜቱ ካላት ትመልሳለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ስልኩ ነው። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ትደውልልኛለች፣ ሰላምታ የለ፣ ደህና ሁኚ የለ፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብቻ ነው፣ መልሴን እንደሰማች ትዘጋዋለች።

ያኔ የቤቱ ሰው ሁሉ በስሟ ይጠራት ነበር፣ አንዴ ዞር ብትል ብለን ስንት በጋና ክረምት ጠበቅን። ዛሬ የምትጠራው እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ ሥራ በዛብኝ፣ መኪና አጣሁ እያልኩ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብዬ የቀረሁባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። እማዬ እንደምትነግረኝ በእነዚያ ቅዳሜዎች ሳሮን ወንበር አውጥታ ደጅ ላይ ትቀመጣለች፣ እስከ ምሳ ሰዓት ትቆያለች፣ ከዚያ ወንበሯን ይዛ ትገባለች፣ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆንም ሳትወቅሰኝ ትደውላለች።